መጀመሪያ ዝም እንበል
(ለላይብረሪ ባለሙያዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ መምህራን፣ ወደዚህ ሙያ ለመግባት ገና እየተማራችሁ ያላችሁ ወጣቶች፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። ጠረጴዛችሁ ላይ አንድ አንድ ፖስታ አለ። እባካችሁ አሁን አትክፈቱት። መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን።

በጥያቄ ልጀምር። እዚህ ካለነው ውስጥ ማስተማርን ተምሮ ወደ ሥራ የገባ ማን ነው? እስኪ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ሦስት እጅ። ካታሎግ መሥራት ተምረናል። ሰነድ መመደብ፣ ከእርጥበትና ከብል መጠበቅ፣ ተመራማሪ የሚፈልገውን ፈልጎ ማቅረብ፣ ይህን ሁሉ ተምረናል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ መምህር ሠላሳ ተማሪ አስከትሎ በራችን ላይ ይቆምና “እስኪ ያሏችሁን የድሮ ነገሮች አሳዩልኝ” ይለናል። በዚያች ሰዓት አስተማሪ ሆንን ማለት ነው። ማን አሠለጠነን? ማንም።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ማሳየት ማስተማር አይደለም። ሁለተኛ፣ ላይብረሪያንን በሰነድ እንዲያስተምር ማሠልጠን ማለት ምን ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ስብስቦቻችን ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች። ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ውስጤን የሚበላኝ እሱ ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ።

የመጀመሪያዬን ክፍል መቼም አልረሳውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። ከስብስባችን ያማረውን፣ ያረጀውን፣ ብርቅ የሚባለውን መርጬ ሃያ ስድስት ዕቃ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። በእያንዳንዱ ፊት ትንሽ ማብራሪያ ጽፌ አስቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ሲመጡ፣ ይህ በዚህ ዓመት የተጻፈ ነው፣ ይህ የእገሌ ነበረ፣ የዚህ ቅጂ በዓለም ላይ ከጥቂት በላይ አይገኝም እያልኩ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራሁ። መምህሩ አመሰገነኝ፣ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተማሪዎቹ አንዷን ንባብ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። “ከዚያ ቀን ምን ታስታውሻለሽ?” አልኳት። ቅን ልጅ ናት፤ ልታስደስተኝ ፈልጋ በጣም አሰበች። “ያ ትልቁ መጽሐፍ” አለችኝ። ስለምን ነበር? አላወቀችም። ማን አስጻፈው? አላወቀችም። ትልቅ መሆኑን ብቻ ነው ይዛ የሄደችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሃያ ስድስት ሰነድ በሃምሳ ደቂቃ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። የሰው ደብዳቤ በሁለት ደቂቃ ይነበባል? ዓይን የማያውቀውን የእጅ ጽሑፍ በሁለት ደቂቃ ይለምዳል? አይለምድም። ማንበቡን፣ መገመቱን፣ መገረሙን ሁሉ እኔው ጨርሼው ነበር። ለተማሪዎቹ የተረፋቸው ቆሞ መስማት ብቻ ነው። ሥራቸውን ቀማኋቸው። ስለዚህ ደግሜ ልበለው፦ ማሳየት ማስተማር አይደለም።

ቀዳሚ ምንጭ የምንለው ነገሩ በሆነበት ዘመን፣ በነገሩ ውስጥ የነበሩ ሰዎች የተዉት ማስረጃ ነው። ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ፎቶግራፍ፣ ካርታ፣ የቀን ማስታወሻ፣ የነጋዴ የሒሳብ ደብተር፣ የድምፅ ቅጂ። የመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ሰው አብስሎ ያቀረበው ነው። ይህኛው ጥሬ ነው። ጥሬ መሆኑ ነው ጥቅሙም፣ ችግሩም።

ሁላችንም የምናውቀውን ሰነድ ላንሳ። የውጫሌ ውል፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው። አንቀጽ 17ን ያልሰማ እዚህ የለም። አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም “ይቻላቸዋል” ይላል። ጣልያንኛው ደግሞ እንዲጠቀሙ ተስማምተዋል ይላል፤ ኢጣሊያም ግዴታ አድርጋ ተረጎመችው፣ አገሪቱ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት እስከ ማለት ደረሰች። ከዚያ የመጣውን ጦርነት፣ አድዋንም፣ ታውቃላችሁ።

ይህን ለተማሪ በቃል መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይጽፈዋል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ሌላ መንገድ አለ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጡለት። ለጣልያንኛው ቃል በቃል የተተረጎመ አማርኛ ስጡት። “ልዩነቱ የት ጋ ነው?” ብላችሁ ዝም በሉ። ያቺን አንዲት ግስ ፈልጎ ያገኛት ልጅ ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ። ከዚያ ጥያቄው ከራሱ ይመጣል። ማን ነው የተረጎመው? ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ ሰው በቦታው ነበር? ፈራሚዎቹ ምን የፈረሙ ይመስላቸው ነበር? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የጠየቀ ተማሪ የታሪክ ሥራ ጀምሯል፤ እኛም አስተምረናል።

እሺ፣ ሁለተኛው። ሥልጠናው።

ብዙ ጊዜ ሥልጠና ሲባል አንድ ሰው ስላይድ ይዞ ይመጣል፣ ለግማሽ ቀን ስለ ማስተማር ያወራል፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ሰርተፊኬት እንይዛለን። ስለ ዝምታና ስለ ጥያቄ እያወራ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድም ጥያቄ የማይጠይቀን አሠልጣኝ አይቻለሁ። በዚህ መንገድ ማንም አይለወጥም። ዋና የሚለመደው ስለ ውኃ በመስማት አይደለም።

እኔን የለወጠኝን ልንገራችሁ። አምስት ነበርን። አሠልጣኛችን አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእጅ ጽሑፍ ናት፣ አራት ጊዜ ታጥፋ የነበረች። ርእስ የላት፣ ማብራሪያ የላት፣ ዘመኗ አልተነገረን። “አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። አትነጋገሩ” አለችን። አሥር ደቂቃ እንዴት ረጅም እንደሆነ የሚያውቅ የሞከረ ብቻ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሁሉን ያየሁ መሰለኝ። ስድስተኛው ላይ ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ እንደተቀየረ አየሁ። ስምንተኛው ላይ ጥጓ ላይ ያለውን የጣት አሻራ አየሁ።

ጊዜው ሲያልቅ እኔ ቸኩዬ “የፍቅር ደብዳቤ ነው” አልኩ። አሠልጣኛችን አልተቆጣችም፣ አላረመችኝምም። “የቱ ጋ ነው ያየሽው?” አለችኝ። ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። ፈለግኩ። ፍቅር የሚል ቃል የለም። ናፍቆት የለም። የእጅ ጽሑፉ ስላማረና ብዙ ጊዜ ስለታጠፈች ብቻ ነው እንደዚያ ያልኩት። በኋላ ቃሉን እየለየን ስናነብ አንድ ሰው ያበደረው ገንዘብ እንዲመለስለት የሚለምንበት ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ የተቀየረው ልመናው ወደ ማስፈራራት በዞረበት መስመር ላይ ነበር። ምናልባት ጽፎ አቁሞ፣ ሌላ ቀን ተናዶ ተመልሶበት ይሆናል።

“የቱ ጋ ነው ያየሽው?” ይህች ጥያቄ ናት ሥልጠናው። ያየሁትንና የገመትኩትን ለየችልኝ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ፊት ስቆም በጣም የምጠቀምባት ጥያቄ እሷ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው የሥልጠና ደንብ ይህ ይሁን እላለሁ፦ ላይብረሪያኑ መጀመሪያ ተማሪ ሆኖ ይቀመጥ። በማያውቀው ሰነድ ፊት፣ ማብራሪያ ሳይሰጠው፣ ግራ ይጋባ። ግራ መጋባትን ያልቀመሰ ሰው የተማሪው ግራ መጋባት ያስጨንቀዋል፤ ቶሎ መልሱን ነግሮት ሊገላግለው ይቸኩላል።

መነሻ የሚሆነን ነገር የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ አርኪቪስቶች (የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች) ማኅበርና የኮሌጅና የምርምር ላይብረሪዎች ማኅበር ስለ ቀዳሚ ምንጭ ክህሎት በጋራ መመሪያ አውጥተዋል። ተማሪው ምን ማድረግ ይቻለው የሚለውን በአምስት ከፍሎታል፦ ጥያቄ መቅረጽ፣ ፈልጎ ማግኘት፣ አንብቦ መረዳት፣ መመርመርና መመዘን፣ ከዚያም በራሱ ሥራ ውስጥ በአግባቡ መጠቀም። የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ ደግሞ ለመምህራን የሚሰጠውን መሣሪያ በሦስት ቃል ነው የሠራው፦ አስተውል፣ አስብ፣ ጠይቅ። ሦስቱም በቅደም ተከተል መሄድ የለባቸውም፤ ተማሪው ወደፊትም ወደኋላም ይመላለሳል። ሁለቱንም አንብቧቸው። ግን አንብባችሁ አትቁሙ።

በሥልጠናው ውስጥ ሁለተኛው ነገር ከመምህሩ ጋር የሚደረገው ንግግር ነው። “የድሮ ነገር አሳዩልኝ” ሲለን እሺ አንበል። በአክብሮት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ “ተማሪዎችህ ከዚህ ክፍል ሲወጡ ምን ማድረግ እንዲችሉ ትፈልጋለህ?” መጀመሪያ ግር ይለዋል። ከዚያ “ሁለት ምስክር ስለ አንድ ነገር ለምን የተለያየ እንደሚናገር እንዲገባቸው” ይላል። ይኸው! አሁን ሃያ ስድስት ሰነድ አያስፈልግም። ሁለት ይበቃል። ይህን ንግግር ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል፤ እኛ ለማገልገል ስለተማርን እሺ ማለት ይቀናናል። በሥልጠና ጊዜ አንዱ መምህር፣ አንዱ ላይብረሪያን ሆነው ይለማመዱት። አፍ እስኪላመደው ድረስ።

ሦስተኛው ሰነድ መምረጥ ነው። ለክፍል የሚመረጠው የግድ ስመ ጥሩው ሰነድ አይደለም። ተማሪ ራሱ ሊያገኘው የሚችል ነገር ያለበት ነው። የኔ ተወዳጅ አንድ ቀዳዳ ያለበት ብራና ነው። ጽሑፉ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። ለተማሪዎች ምንም አልልም። ሁልጊዜ አንድ ልጅ “ተበላሽቷል” ይላል። “ከተጻፈ በኋላ ነው የተቀደደው ወይስ በፊት?” እላለሁ። ጸጥታ። ከዚያ አንዷ ብድግ ትላለች፦ “ቃሉ አልተቆረጠም! ጸሐፊው ቀዳዳውን አይቶት ነው የዘለለው!” ቆዳ ሲወጠርና ሲፋቅ ትንሿ ጭረት ትሰፋለች፣ ጸሐፊው ደግሞ ብራና ውድ ስለሆነ አይጥለውም። ይህን የምጨምርላቸው እነሱ ካገኙት በኋላ ነው። በኋላ።

ስርዝ ያለበት ሰነድም እንዲሁ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ሲያረቅ “ዜጎች” ብሎ የጻፈበት አንድ ቦታ አለ። የኮንግረስ ላይብረሪ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ብርሃን ፎቶ እያነሡ ሲመረምሩት ከሥሩ ሌላ ቃል አገኙ። መጀመሪያ “ተገዢዎች” ብሎ ጽፎ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ጠርጎ፣ በላዩ “ዜጎች” ብሎ ጻፈ። ንጹሕ ሆኖ የታተመው ቅጂ ይህን አይነግራችሁም። የሰው ሐሳብ ሲለወጥ የሚታየው ረቂቁ ላይ ነው። ስለዚህ ስብስባችሁ ውስጥ ረቂቅ፣ ድልዝ፣ የኅዳግ ማስታወሻ ያለበትን ፈልጉ። ያላማረውን ፈልጉ።

እዚህ ላይ ስለ እጅ ጓንት አንድ ነገር ልበል፣ ሁልጊዜ ስለምጠየቅ። ብዙ ሰው ነጭ ጓንት ያደረገ እጅ ካላየ ሰነዱ የተከበረ አይመስለውም። ለአብዛኛው ወረቀትና ብራና የሚመከረው ግን ታጥቦ የደረቀ ንጹሕ እጅ ነው። የጨርቅ ጓንት የጣትን ስሜት ይቀንሳል፣ የገጽ ጠርዝ ይይዛል፣ ይቀድዳል። ለፎቶግራፍና ለብረት ነገር ጓንት አድርጉ። ከዚያ ውጭ እርሳስ ብቻ፣ ለመጽሐፉ ደጋፊ ትራስ፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም መጠጥ አይኑር። ይህን ለመናገር ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። ሩብ ሰዓት ስለ ክልከላ ከሰማ በኋላ ሰነድ ለመንካት የሚደፍር ተማሪ አላየሁም። የፈራ ሰው ደግሞ አያስተውልም።

“ሁሉም ስካን ተደርጎ የለም ወይ? ለምን ዋናውን?” የሚሉም አሉ። ዲጂታል ቅጂ ትልቅ በረከት ነው፤ ሩቅ ላለው ደረሰለት፣ የሚሰባበረውን ሰነድ ከእጅ አዳነው። ሁለቱንም ተጠቀሙ። ግን ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር አንድ መጠን አለው። አንድ ተማሪ ለሳምንታት በኮምፒውተር ያጠናትን የጸሎት መጽሐፍ ዋናዋን ሳመጣለት እጁን ዘርግቶ ቀረ። መዳፉ ላይ ገባች። “ይቺማ ኪስ ውስጥ የምትያዝ ናት፣ ሰው ይዟት ይጓዝ ነበር” አለ። ይህን ስካኑ አልነገረውም። የፎቶ ጀርባም እንደዚያው ነው። ስንት ጊዜ ነው ፊቱን ብቻ ስካን አድርገን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ስም የተውነው?

አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ፣ ዝም ማለት ነው። ጥያቄ ጠይቆ መጠበቅ። ጥያቄ ጠይቀን መልስ ሲዘገይ እኛው እንመልሰዋለን፤ ዝምታው ያሳፍረናል። ተለውጫለሁ ብዬ ባመንኩበት ጊዜ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ክፍሌ ገብታ ሰዓት እንድትይዝልኝ ጠየቅኳት። እኔ ስናገር ትይዛለች፣ ተማሪ ሲናገር ትይዛለች። ከሃምሳው ደቂቃ ሠላሳ አንዱን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ደነገጥኩ። እሷ ሳትመዝነኝ ራሴን በፍጹም አላውቀውም ነበር። ስለዚህ በሥልጠና ውስጥ ይህ ይኑር፦ መጀመሪያ የሌላውን ክፍል ተቀምጦ ማየት፣ ቀጥሎ አብሮ ማስተማር፣ ከዚያ ብቻውን እያስተማረ መታየት። ያየው ሰው ደግሞ “ጎበዝ፣ ጥሩ ነበር” ብሎ አይለፍ። ያየውን ይናገር፦ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ልጅ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምሽው ይበል።

አለቆች እዚህ ካላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቦታ የወር ሪፖርት ቅጹ ላይ “የጎብኚ ብዛት” የሚል እንጂ “ማስተማር” የሚል መስመር አልነበረውም። ለአንድ ክፍል ስምንት ሰዓት ተዘጋጅቼ አሥራ አምስት ተማሪ ካስተማርኩ፣ በሪፖርቱ ላይ አሥራ አምስት ጎብኚ ነው። ሦስት መቶ ሰው በመስታወት ሣጥን ፊት ካለፈ ሦስት መቶ ነው። እንዲህ እየተቆጠረ ማን ለማስተማር ይደክማል? ቅጹን ቀይሩት። የዝግጅት ሰዓት ስጡ። ሥልጠና ብላችሁ የላካችሁት ሰው ሲመለስ፣ የተማረውን የሚሠራበትን ጊዜ አትንፈጉት።

መጀመሪያ ይዤ መጣሁ ካልኳችሁ ሦስት ነገሮች ሦስተኛውን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎችን፣ በአጭሩ ልናገር፤ አጭር የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ስብስቦቻችን ሙሉ አይደሉም። የጻፈው መጻፍ የቻለው ነው፣ የተቀመጠው ሰው ይቀመጥ ያለው ነው። አንድ የድሮ መዝገብ ለተማሪዎች እሰጣለሁ። ወንዶቹ በስማቸው አሉ። ሴቶቹ “የእገሌ ሚስት”፣ “የእገሌ እናት” ናቸው። ሠራተኞቹ ቁጥር ብቻ ናቸው። “እዚህ ገጽ ላይ ስንት ሰው አለ?” እላለሁ። ስም እየቆጠሩ አሥራ አንድ ይላሉ። ከዚያ አንዱ ቆም ይልና እንደገና ይቆጥራል። ሠላሳ አራት። ሃያ ሦስት ስም የለሽ ሰው። ያን ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል። ያን ዝምታ አልነካውም።

ካታሎጉን የምንሠራው እኛ ነን። ሃያ ሦስቱ እንዲገኙ ወይም እንዳይገኙ የምናደርገው እኛ ነን። ይህን ለተማሪ ደብቀን “ሰነዱ እንዲህ ይላል” ማለት አንችልም። እኛም በታሪኩ ውስጥ እጃችን እንዳለበት እንንገራቸው።

የሚያም ሰነድም አለ። የሰው ሽያጭ ውል፣ የግርፋት መዝገብ፣ የግድያ ፎቶ። እነዚህን ሰው ሳያዘጋጁ ማውጣት ጭካኔ ነው። ምን እንደሚያዩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ወጣ ማለት የፈለገ ይውጣ፣ ለምን አትበሉት። በክፍሉ ውስጥ ያ ነገር የአያቱ ታሪክ የሆነ ልጅ ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ የክፍሉ ማስረጃ እንዲሆን አታስገድዱት፣ “አንተ ምን ይሰማሃል” ብላችሁ ወደ እሱ አትዙሩ። አንድ ጊዜ ዞሬአለሁ። ፊቱ እስካሁን ይታየኛል።

እንግዲህ ብዙ አወራሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። አሁን ፖስታውን ክፈቱ። ውስጡ የአንዲት ወረቀት ቅጂ አለ፣ የፊትና የጀርባ። ማን እንደጻፋት አልነግራችሁም፣ መቼ እንደሆነም አልነግራችሁም። እርሳስ አጠገባችሁ አለ። ያያችሁትን በግራ፣ የገመታችሁትን በቀኝ ጻፉ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አትነጋገሩ። ስልካችሁን አጥፉልኝ።

አሥር ደቂቃ ነው። እኔ እዚህ ጥግ እቀመጣለሁ።